የመህሩ ብር

ካለፉት ሳምንታት ጀምራችሁ አብራችሁኝ ያላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዛሬ ለመጡት ማን እንደሆንኩ ልንገራቸው። ኑርሀያት እባላለሁ። የሐይቅ ከተማው ነጋዴ የሼህ ዘይኑልአቢዲን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ጣቢያ አዋቂዎችን አስተምራለሁ። ወሬ ታበዛለች ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ከተማሪዎቼም አንዱን ወድጃለሁ። ተማሪ ስላልኩ እንዳትደነግጡ፤ እሱ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ስሙ ሙዘይን ነው። አንድ ጥፋት አለበት፤ አንጥረኛ ነው።

በዚያ ዘመን አንጥረኛነት ጥፋት መሆኑ በአዋጅ ቀርቶ ነበር። ራዲዮኑ የእጅ ባለሙያን ሲያወድስ ይውላል፤ በቀበሌ ስብሰባም አባቴ ከፊት ተቀምጦ ያጨበጭባል። ቤቱ ሲገባ ግን ያው የጥንቱ ሰው ነው። የሙዘይን ቤተሰብ በሠራው ድሪና አምባር የሐይቅ ሴት ሁሉ አጊጣ ተድራለች፤ የጋብቻ ነገር ከእነሱ ጋር ከተነሳ ግን ሰው ሁሉ ወሬ ይለውጣል።

ፍቅራችን የተጻፈው በደብተር ጀርባ ነው። ሙዘይን የቤት ሥራውን ከፊት ይጽፋል፣ የልቡን ከኋላ። እኔ ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። አንድ ቀን "አንችን ሳስብ ወናፉን እረሳና እሳቱ ይጠፋብኛል" ሊል ፈልጎ፣ "ይጠፋብኛል" የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሰርዞ ሦስት ጊዜ አበላሽቷታል። አስተካክዬ ከሥሯ "ጎበዝ፤ ግን እሳቱን ጠብቅ" ብዬ መለስኩለት።

እንዲህ እያለን ለሌላ ተሰጠሁ። የውጫሌው የአያ እንድሪስ ልጅ ኑርዬ ደሴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። በሕይወቱ ሁለት ጊዜ አይቶኛል፤ አንዱን ጊዜ ጀርባዬን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ቀላል ነበር። አባቴና አያ እንድሪስ በንግድ ሃያ ዓመት የተዋወቁ፣ አንዱ ያንዱን ቃል ያለ ምስክር የሚቀበሉ ነበሩ። ሽማግሌ መጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ኒካው ለየካቲት መጨረሻ ተቆረጠ።

አያ እንድሪስ ለመህሬ፣ በኒካ ጊዜ ለሙሽራዋ ለሚሰጠው ጥሎሽ፣ ያመጡት እንደሌላው ሰው የብር ኖት አልነበረም። አባታቸው በ1923ቱ የንግሥና በዓል አዲስ አበባ ሄደው የተሰጣቸውን መታሰቢያ ብር ነበር፤ በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ፊቱ ጽሕፈት ያለበት፣ መዳፍ የሚሞላ ብር። እናታቸው አንገታቸው ላይ ያስሩት ዘንድ ከጫፉ ትንሽ ቀለበት ተበይዶበታል። "ክብደቱ ከጠገራ ብር ጋር ልክ ለልክ ነው" ብለው አባታቸው ነግረዋቸው ሞተዋል። ካላቸው ሁሉ የሚበልጥባቸው ይህ ነበር፤ እኔን አክብረው ነው ያመጡት። አባቴም ደስ አለው። ግን ነጋዴ ነውና፣ የልጁ መህር ሳይፈተን አይቀበልም።

ባንክ ወስዶ ማስመርመር አይታሰብም። የንጉሥ ፊት ያለበትን ነገር ይዞ መንግሥት ቤት የገባ ሰው ሲወጣ ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። ስለዚህ አባቴ አንጥረኛ ይጠራ አለ። በሐይቅ ከሙዘይን የተሻለ አንጥረኛ አልነበረም። የደብተሩን ጀርባ ያላየ አባቴ፣ ልጁን የማይሰጠውን ሰው የልጁን መህር እንዲፈትን ቤቱ አስገባው። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

*

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሙዘይን መጣ። አባቴ፣ አያ እንድሪስና የአባቴ የልብ ወዳጅ ጋሽ ታረቀኝ መደቡ ላይ ተደርድረዋል። ለሙዘይን ከበሩ አጠገብ ዱካ ተሰጠው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በጠርዙ አያለሁ። ሲቀመጥ መጋረጃውን አንድ ጊዜ አየው፤ ከሥሩ እግሬ ይታይ ነበር መሰለኝ ጆሮው ቀላ።

"ቢስሚላህ" ብሎ ብሩን ከጨርቁ አወጣ። በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጠርዙን በቀስታ ጫር አደረገና መስመሩን ብርሃን ላይ አየው። ጥፍሩ ላይ አቁሞ በሌላ ሳንቲም መታው፤ ድምፁ ደነዘ። ከዚያ የአባቱን ሚዛን ዘረጋ። ባንዱ ሳህን መመዘኛው የሆነችውን የአባቱን አሮጌ ጠገራ ብር አኖረ፣ በሌላው መታሰቢያውን። የመታሰቢያው ወገን ወደ ታች ሄደ። አነሳው፣ እንደገና አኖረው። እንደገና ወረደ።

የሙዘይን ፊት ሲጠቁር አየሁ። አንድ ቃል ከአፉ ሊወጣ ነው፤ ያ ቃል እኔን ወይ ውጫሌ ይሰደኛል ወይ ያስቀረኛል። እሱም ያውቃል። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ላይ ቆመ።

"አያ እንድሪስ፣ አውፍ ይበሉኝ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። "ላዩ ብር ነው። ውስጡ ግን እርሳስ ሳይሆን አይቀርም።"

"ምን አልህ?" አሉ አያ እንድሪስ።

"የድምፁ መደንዘዝስ ከብየዳው ነው ብዬ ባለፍሁት። ሚዛኑ ነው እምቢ ያለኝ። የቀለበቷን ክብደት ባነሳለት እንኳን ከጠገራው ይከብዳል። ይህን የሚያክል ብር ይህን ያህል አይመዝንም። እርሳስ ነው የሚያከብደው።"

"አባቴ ውሸት እናቴ አንገት ላይ አስሮ ኖረ ነው የምትለኝ?"

"እኔ እርሳቸውን አላልሁም። የሰጣቸው ሰው አታሏቸው ይሆናል።"

አያ እንድሪስ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ብሩን ተቀብለው ጨርቁን ሊያጥፉበት ሞከሩ፣ ጣታቸው እምቢ አላቸው፣ ጋሽ ታረቀኝ አገዟቸው። አባቴ ወለሉን እያየ "የኒካውን ነገር ትንሽ እናቆየው" አለ። ሃያ ዓመት ያለ ምስክር የተቀባበሉ ሰዎች ሳይተያዩ ተለያዩ።

እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቆሜያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ብሎኛል። ያን የሽማግሌ ጣት ላለማየት ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

*

ቅዳሜ ከደብተሩ ጀርባ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ "አልሐምዱሊላህ። ያየሁትን ነው የተናገርሁት። ሐቅ ተናግሬ እንዲህ ተጠቅሜ ስለማላውቅ ግን ፈርቻለሁ።" ሁለት ፊደል ስቷል፤ አርሜ "አብሽር" ብዬ አጽናናሁት።

ከዚያ በኋላ ጠፋ። ክፍል ይመጣል፣ ደብተሩን ያስረክባል፣ ከኋላ ምንም የለም። ስሙን ስጠራ "አቤት መምህርት" ይልና ጥቁር ሰሌዳውን ያያል። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ከውጫሌ የሚመጡት ነጋዴዎች የሚያወሩት ወሬም ጨመረበት፤ ገበያው አያ እንድሪስን "እንድሪስ እርሳስ" ብሎ ሰይሟቸዋል። እህል ሲሸጡ ገዥው እፍኙን እያገላበጠ "እርሳስ የለበትም አይደል?" ይላል አሉ። ሰውዬው ገበያ መውጣት ትተዋል። ሙዘይን ይህን ሰምቶ፣ እኔን የማግባት ነገር አስፈርቶት ሸሸ ብዬ ደመደምኩ።

ስናደድ ክፉ ነኝ። የቃል ጽሕፈት ፈተና ላይ ዜሮ ሰጠሁት። አምስት ስህተት ብቻ ነበረበት፤ አምስት ስህተት ዜሮ እንደማያሰጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደብተሩን ተቀብሎ ዜሮዋን አየ፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ እዚያው ቆሜ ላለቅስ ደረስኩ።

*

በማግስቱ ደብተሩ ተመለሰ። ጀርባው አራት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ልብስ ላጥብ ብዬ ሐይቁ ዳር ወረድኩና፣ ከሚያጥቡት ሴቶች ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳነብ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ነበር። አንድም የማርመው አላገኘሁም። ስንት ጊዜ ገልብጦ እንደጻፈው አላህ ያውቃል።

"ኑርሀያት፤ የአያ እንድሪስ ብር እውነተኛ ነው። የሐሰት የነበረው የእኔ መመዘኛ ነው።

"አባቴ በሕይወት ሳለ ሲመዝን ከጠገራ ብሯ ጋር አንዲት ጠጠር ይጨምር ነበር። 'ለበረካው' ይላል። እኔም በረካ ነች ብዬ አምኜ ኖርሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ስታስተምሪን ተነስቼ ያቺን ጠጠር መጣሌን ተናገርሁ፤ ታስታውሻለሽ። ከዚያ ወዲህ በጠገራዋ ብቻ ነው የምመዝነው።

"አያ እንድሪስ ከቤታችሁ ከወጡ በሦስተኛው ቀን እናቴ ስመዝን አይታ 'ጠጠሯን ወዴት አደረግሃት?' አለችኝ። ጣልኋት ብላት ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን፣ እኔና እህቴ ሂንድ ልንሞት ስንል፣ አባቴ የጠገራዋን ጠርዝ ዙሪያውን በሞረድ ልጎ፣ ልጉን አቅልጦ ሸጦ እህል ገዝቶልናል። ጎዶሎዋን በጠጠር ሞላት። ማንንም ላለማታለል ነው። ለልጆቹ መንገር ግን አፍሮ በረካ አላት። እናቴም ምሥጢሩን ይዛ ኖረች።

"ሁለት ሳምንት ዝም ያልሁት ሸሽቼሽ አይደለም። ብናገር አንችን አጣለሁ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ እናቴ እንኳ 'አንተ ካልህ አልናገርም' ብላኛለች። ግን አያ እንድሪስ ገበያ መውጣት ትተዋል። እኔ ደግሞ በሕይወት ያለሁት አባቴ በላገው ብር ነው። መመዘኛዬ ሐሰት ነው ካልሁ ብሩን አምኖ የሚሰጠኝ ላይኖር ይችላል። ባለፉት አምስት ወራት የመዘንሁላቸውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርሁ እነግራለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንችን ፈቃድ እለምናለሁ። ብሩ ከተመለሰ መህርሽ ተመለሰ ማለት ነው። ኒካውም እንዲሁ። አንች ሂድ ካላልሽኝ እግሬ አይሄድም። ሙዘይን።"

ታስታውሻለሽ ይላል። እንዴት እረሳለሁ? ጠጠሯን መጣሉን ሲናገር "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መንቃት" ብዬ ክፍሉን ሙሉ ያስጨበጨብኩለት እኔ ነኝ። አንድ አባት ከልጆቹ የደበቀውን ችግር ኋላ ቀር ብዬ አስጥያለሁ። ስንቱን ነገር ሳላውቅ እንዳስተማርኩ አሰብኩና ፊቴ በሀፍረት ጋለ።

ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ መልስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት "ማን አየህ? ዝም በል" ነበር። ጽፌዋለሁ፣ አልዋሻችሁም። አራት ቃል ብቻ ነው፤ አራቱ ቃል ዕድሜ ልኬን ይሰጠኝ ነበር። ገጹን አየሁት። ከዚያ ቀደድኩት፣ አጣጥፌ ውሃው ውስጥ ጣልኩት፣ ቀለሙ እየለቀቀ ሲሄድ አየሁ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ እንዲህ አልኩት፤ "ውጫሌ ሂድ። አያ እንድሪስን ይዘህ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባቴ ቤት ና። ዜሮውን በቀይ ሰርዤዋለሁ።" ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። አልቅሼ ስጨርስ አንድ ነገር ገረመኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው እኔን መውደዱን አሰብኩና፣ ባላገኘውም እንኳ ከልቤ አመሰገንኩ።

*

ጁምዓ መጡ። አያ እንድሪስ ከስተዋል። ከሙዘይን ጋር ከውጫሌ በአንድ አውቶቡስ መጥተው ሳለ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል እንዳላናገሩት ያስታውቃል። አባቴ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ጋሽ ታረቀኝም ተጠርተዋል። እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ነኝ፤ እናቴ ክንዴን ይዛኛለች።

ሙዘይን ዱካው ላይ አልተቀመጠም። መሬት ላይ ተንበረከከና ሁሉንም ተናገረ፤ ጠጠሯን፣ ሞረዱን፣ ክፉውን ቀን። ስለ ደብተራችን ብቻ አልተናገረም። ከዚያ ከውጫሌው አንጥረኛ ከባዬ የተዋሰውን ሙሉ ጠገራ አወጣ። "ቀለበቷን በእሳት ላላቅቃት እችል ነበር" አለ። "ግን እሳት ካየ መታሰቢያነቱ ይጎዳል። ብርነቱን ለሚፈልግ አቅልጦት ሁለት አምባር ይወጣዋል፤ ዋጋው እሱ አይደለም። ዋጋው እንዳለ መሆኑ ላይ ነው። በአመድም እንዳታሹት፣ ጥቁረቱም የራሱ ነው።" በቀለበቷ ፈንታ እሷኑ የምታህል ሌላ የብር ቀለበት ሠርቶ መጥቷል። ያችን ከጠገራው ጋር አኖረ፣ መታሰቢያውን በሌላው ወገን።

ሚዛኑ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጋሽ ታረቀኝ፣ እርስዎ ጠርዙን ይዩልኝ" አለ። "በቅርጽ ፈስሶ ቢሆን የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። ፊደሉም ይዶለዱማል። ይህን ያን ቀን ማየት ነበረብኝ። ሚዛኔን አምኜ ዓይኔን ሳላምን ቀረሁ።"

ጋሽ ታረቀኝ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። በሩ መዘጋቱን አረጋግጠው ወደ መስኮቱ ቀረቡና፣ ብሩን አስጠግተው አርቀው አዩት። "መስመር የለውም። ፊደሉም ትናንት የተቀረጸ ነው የሚመስለው፤ እንዲያው የኔ ዓይን እንጂ እሱስ ምን ሆኖ" አሉ።

"እውነተኛ ነው" አለ ሙዘይን። "የአባትዎ ቃል ልክ ነው፤ ልክ ለልክ። ሐሰተኛው እኔ ነኝ። ውጫሌ ገበያ ላይ ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። አውፍ ይበሉኝ።"

አያ እንድሪስ ብሩን ተቀበሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፣ ከዚያ ግንባራቸው ላይ አስነኩት። አባቴም አየና መደቡ ላይ ጠጋ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ እጃቸውን ያዘ። "እኔንም አውፍ በለኝ እንድሪስ" አለ። "ሃያ ዓመት አንድ ምስክር ሳልጠራብህ፣ በልጄ ጊዜ ሚዛን አመጣሁብህ።" ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቅፈው ቆዩ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስለሁለቱ ደስ አለኝ። የራሴ ነገር ሊያበቃ መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አብረው ልብ ውስጥ ይገባሉ ብዬ አላስብም ነበር።

አባቴ እምባውን ጠርጎ ተነሳ። "መህሩ ተመለሰ። ኒካው በቃሉ ይጸናል። ኑርሀያት፣ ወዲህ ነይ።"

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፤ እናቴም ተከተለችኝ። ሙዘይን ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። ቀና አላለም።

"በሽማግሌ ፊት እጠይቅሻለሁ" አለ አባቴ። "ለኑርዬ ኒካ ወኪልሽ ልሁን ወይ? አፍ አውጥተሽ እሽ ማለት የለብሽም፤ ደንቡን ታውቂያለሽ። ዝም ካልሽ ፈቀድሽ ነው።"

ድንግል ሴት ስትጠየቅ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። ስንቷ የሐይቅና የአምባሰል ልጅ በዝምታዋ ተድራለች። ያቺ ትንሽ ጊዜ፣ እኔ ካልሞላኋት፣ ራሷ እሽ ልትልልኝ ነው።

"አልፈቅድም አባዬ" አልኩ።

የሙዘይን ሚዛን ከእጁ ወደቀ።

"አያ እንድሪስ፣ አውፍ በሉኝ" አልኩ። "ኑርዬ ጥሩ ሰው ነው። እርስዎም የአባትዎን አማና ለእኔ አክብረው አመጡልኝ፣ እስክሞት አመሰግንዎታለሁ። ግን ልቤ ሌላ ሰው ዘንድ ነው። አባዬ፣ ብትገርፈኝ ግረፈኝ፤ ሙዘይንን እወዳለሁ። የዛሬውን፣ ብናገር አጣሻለሁ ብሎ፣ ቀድሞ ጽፎልኛል። ሂድ ያልሁትም እኔ ነኝ።"

አባቴ ወደ ሙዘይን ዞረ። "ታውቅ ነበር? ብናገር አጣታለሁ ብለህ እያወቅህ ነው የመጣህ?"

"መርሐባ" አለ ሙዘይን፤ አዎን ማለቱ ነው።

አባቴ አፉን ከፈተ። የሚለውን አውቀዋለሁ፤ "ቀጥቃጭ" ሊል ነው። አያ እንድሪስ ክንዱን ያዙት።

"ዘይኑ፣ እኔ ልቅደም" አሉ። "ይህ ልጅ ዝም ቢል ልጅቱም የእሱ ነበረች፣ እኔም እርሳስ ተብዬ ነበር የምቀበረው። የአባቴን ስም ከጉድጓድ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የሰጠኝም እሷን ከፍሎ ነው። ልጄ ኑርዬ ደሴ ነው፤ ይህችን ልጅ ባያገኝ ሌላ ያገኛል፣ ጥርሱም አይወልቅም። ይህ ግን አባት የለውም። ሽማግሌ ልኮ የሚጠይቅለት የለውም።" እግራቸውን አንስተው ከመደቡ ወረዱ፣ ተሻግረውም ከሙዘይን አጠገብ፣ ከበሩ ሥር ቆሙ። "እኔ ሽማግሌው ነኝ። ልጅህን ለዚህ ሰው ስጠኝ ብዬ መጥቻለሁ።"

"አንጥረኛ ነው እንድሪስ" አለ አባቴ በቀስታ።

"እኮ! ስንት ዓመት ሚስቶቻችን የእነሱን ብር አንገታቸው ላይ ሲያስሩ እሽ ያልን ሰዎች ነን።"

ጋሽ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በኒካችሁ አልገባም። ግን ስብሰባ ላይ ስታጨበጭብ አጠገብህ የምቀመጠው እኔ ነኝ ዘይኑ። መዳፍህ እስኪቀላ ነው የምታጨበጭበው።"

አባቴ መሳቅም መቆጣትም አቃተው። ቁጭ አለ። ሙዘይንን አየው፤ ላቡን፣ የተንበረከከበትን ጉልበቱን፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ሚዛን። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፤ ሰውን እንደዚህ የሚያየው አምኖ አንድ ነገር ሊያስረክበው ሲል ነው። እናቴን ያዝኩ።

"ኑርሀያት" አለ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። "እንግዲህ እንደገና ልጠይቅሽ ነው። ለሙዘይን ኒካ ወኪልሽ ልሁን ወይ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አያ እንድሪስ፣ ጋሽ ታረቀኝ፣ እናቴ። ሙዘይንም ቀና ብሎ አየኝ፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን እያየ የሚሸሸው ዓይን ቀጥ ብሎ እኔ ላይ ቆመ። እኔ፣ በዚህ ታሪክ እንኳን ለሳምንታት አፌን ያልዘጋሁት ኑርሀያት፣ የምለው ሺህ ነገር ነበረኝ። አባዬ አላህ ያክብርልኝ ልለው ፈለግሁ። አያ እንድሪስን እግራቸውን ልስም ፈለግሁ።

ዝም አልኩ።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ታረቀኝ፤ እያወቁ ነው።

"ተናገረች እኮ" አሉ አያ እንድሪስ፣ እምባቸው እየወረደ።

አባቴ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ሁሉም ተቀበሉት፤ ሙዘይን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀበለው፣ ጋሽ ታረቀኝም በራሳቸው እምነት ተመስገን አሉ። እኔም አልሐምዱሊላህ ማለት ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ዝምታዬ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁና በልቤ ብቻ አልኩት።